የእሳት ራት የመረጠችው ሣር

ባለፈው ጥቅምት ወልድያ፣ አዳጎ አካባቢ ባጃጅ ስጠብቅ አንዲት ሴት ጥንቅሽ በእቅፍ በእቅፍ አስራ መንገድ ዳር ስትሸጥ አየሁ። ጥርሶቼ እንደ ድሮው አይደሉም፤ ሐኪሙም ጠንካራ ነገር እንዳልነክስ መክሮኛል። ግን ያ እርጥብ፣ ጣፋጭና ጎምዘዝ ያለው የአገዳ ሽታ አላስቀምጥ አለኝና አንዱን መርጬ ገዛሁ። ባጃጁ ውስጥ ገብቼ ልጣጩን ገሸለጥ ሳደርገው መሃሉ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር አገኘሁ። መስመሩን በጥፍሬ ተከትዬ ስሄድ ጫፉ ላይ ራሱ ቡናማ፣ ገላው ነጠብጣብ የጣለበት ትል ተኝቷል። ሾፌሩ በመስተዋቱ ሲያየኝ ቆይቶ፣ «እማማ፣ ይጣሉት እንጂ፤ ትል አለበት» አለኝ። አልጣልኩትም። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬው ብቻዬን ሳቅኩ። ሰውዬው ምን እንዳሳቀኝ አልገባውም፤ አልፈርድበትም። እኔና ያ ትል የቆየ ትውውቅ አለን። በዕድሜዬ ካየኋቸው ድሎች ሁሉ ልቤን የሚያሞቀኝም በእሱ ላይ የተገኘው ነው።

ያኔ ወልድያ ባጃጅ የሚባል ነገር አታውቅም። ከጎንደር በር እስከ ገበያው ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ ዕቃ የበዛበት ጋሪ ይጠራል። አባቴ መካኒክ ነበር። ጋራዡ የቆርቆሮ ዳስ ነው፤ ግድግዳው በናፍጣ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፣ ወደ መቀሌ የሚወጡ የጭነት መኪኖች በሙሉ እዚያ ቆመው ይተነፍሳሉ። የአባቴ ምኞት ልጁ ቢሮ ተቀምጣ ታይፕ ስትመታ ማየት ነበር። እኔ ግን የእርሻ ትምህርት ተምሬ የሰብል ጥበቃ ሠራተኛ ተባልኩና ግራና ተመደብኩ። እናቴ ሴት ልጅ ማሳ ለማሳ ስትዞር ማን ያገባታል ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች። አባቴ ግን በመሄጃዬ ዋዜማ ከገበያ ጥቁር ቦት ጫማ ገዝቶ አልጋዬ ሥር አስቀመጠልኝ። የወንድ ጫማ ነው፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ካልወተፍኩበት ከእግሬ ይወልቃል። ከታች ያንን ቦት፣ ከላይ ደግሞ በዘመኑ ፋሽን የነበረውን ሽንሽን ጉርድና ናይለን ሻርፕ አድርጌ መርሳ ስወርድ ሻይ ቤቱ ደጃፍ የተቀመጡት ሁሉ ሻያቸውን ትተው እኔን አዩ።

መርሳን ዛሬ የሚያውቃት ሰው ያቺን መርሳ አያውቃትም። ከወልድያ የሚመጣው ሎንችና አቧራውን ጠጥቶ፣ ጣሪያው ላይ ዶሮና ቅርጫት ጭኖ ይደርሳል፤ ተሳፋሪው ሲወርድ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። ከአውራ ጎዳናው ወዲያና ወዲህ ብርቱካንና ፓፓያ በቅርጫት ይደረደራል። አንድ ቅርጫት ብርቱካን የሚገዛበት ገንዘብ ዛሬ አንዱን ለመላጥ የሚበቃ አይመስለኝም። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ብስኩቱ ለብቻው በአምስት። ሻይ ቤቱ ውስጥ ባለ ትልልቅ ባትሪ ቴፕ አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ አምባሰልና ትዝታ ይንቆረቆርበታል፤ ባለቤቱ ካሴቱ ሲላላበት በእርሳስ እያጠነጠነ ይመልሰዋል። እኔ ትዝታ የሚሉትን ዜማ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር፤ ስሜቱ የገባኝ ግን እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ወደ ግራና የሚሄድ መኪና ስጠብቅ ነው። ገና ከቤቴ መውጣቴ ነበር፣ ናፈቀኝ።

ግራና ቆላ ናት፤ ተራሮቹ ከበዋት፣ ወንዙ መሃሏን ይዞ ይወርዳል። ሰውዋ ሽርጡን ታጥቆ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጥሎ የሚያርስ፣ ለእንግዳ ቃል የማይሳሳ ሕዝብ ነው። ሰላምታው ራሱ ግማሽ መንገድ ያስኬዳል፤ ጤናህ፣ ከብትህ፣ ልጆችህ፣ ዝናቡ እየተባለ አልሃምዱሊላህ እስኪባል ድረስ። የሚበላውም የሚሸጠውም ማሽላ ነው። ጅጉርቲ የሚሉት የአገሩ ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል፤ እህሉ ለሰው፣ ቅጠሉ ለከብት፣ አገዳው ለማገዶና ለአጥር። ማሽላ ከጠፋ ግራና ውስጥ የሚተርፍ ነገር የለም።

እኔ ከመድረሴ በፊት በነበረው ዓመት ማሽላውን አገዳ ቆርቁር ጨርሶት ነበር። ይህ ትል እናቱ የእሳት ራት ናት፤ ሲመሽ ትመጣና እንቁላሏን እንደ ዓሣ ቅርፊት ደራርባ ቅጠል ላይ ለጥፋ ትሄዳለች። ጫጩቶቹ በመጀመሪያ የመሃል ቅጠሉን እየፋቁ ይበላሉ፤ ትንሽ ሲጎለብቱ አገዳውን በስተው ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ከውጭ አይታዩም። ገበሬው ማሳው ለምልሞ ሲደሰት ይቆያል፤ አንድ ቀን ነፋስ ይነሳል፣ አገዳው ከወገቡ ይሰበራል። ሰዎቹ ያንን ዓመት ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ገሚሱ ቁጣ ነው ይላል፤ ገሚሱ ዘሩ አርጅቷል ይላል።

ዘይነባን ያወቅኋት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ባሏ ታሞ ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር። ሁለት ሴት ልጆች አሏት። በሬ አላት፣ ማሳዋም ወንዙ ዳር ለም ቦታ ላይ ነው፤ ግን ሞፈር የሚጨብጥ ወንድ በቤቷ የለም። ጎረቤት ያርስላታል፣ እሷ በፋንታው የእሱን ማሳ ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ በወንፈል ነው የኖረችው። ረጅም፣ ጠይም፣ ስትስቅ አፏን በሻሽዋ ጫፍ የምትሸፍን ሴት ነበረች። ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ እላታለሁ፣ እሷም በላዬ ትለኛለች። በላይነሽ ነው ስሜ።

የባሏ ታላቅ ወንድም ጋሽ መሐመድ ኑር ማሳቸው ከእሷ ጋር ይዋሰናል። ክፉ ሰው አልነበሩም። ማሽላዋ በተሰበረበት ዓመት ልጆቿን የመገቡ እሳቸው ናቸው። ግን መሬቱን እሳቸው እያረሱ እኩል እንዲያካፍሏት፣ እሷም ልጆቿን ይዛ ጊቢያቸው እንድትገባ ፈለጉ። ሴት ብቻዋን እርሻ አትችልም፣ አየሽው አይደል አሏት። ዘይነባ እምቢ አለች። ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ቀረበ። የአካባቢው ታላቅ የነበሩት ሼህ ኡመር የሁለቱንም ከሰሙ በኋላ አንድ መኸር ስጧት፤ ዘንድሮ ማሳዋ ካፈራ መሬቷን ይዛ ትኑር፣ ካላፈራ ጋሽ መሐመድ ኑር እንዳሉት ይሁን ብለው ፈረዱ። እንግዲህ እኔ ቦት ጫማዬን እየጎተትኩ ደጇ የደረስኩት በዚህ መሃል ነው።

ለሥራ ከመመደባችን በፊት ሥልጠና ላይ አንድ ቀጭን፣ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን አስተማሪ ነበረን። ነፍሳት የሚኖሩበትን ተክል እንደ ሰው ይመርጣሉ ይለን ነበር። የእሳት ራቷ ማሽላ ትወዳለች፤ በቆሎም አትጠላም፤ ዝሆኔ ሣር የሚሉትን፣ እንደ አገዳ የሚረዝመውን ሣር ካገኘች ግን ሁለቱንም ትታ እሱ ላይ ትወልዳለች። ሣሩ ታዲያ ለልጆቿ አይሆንም። አገዳውን ሊበሱ ሲጀምሩ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ውሃ ይወጣዋል፤ እዚያው ይቀራሉ። ማሳውን በዚህ ሣር ክበቡት፣ እናቲቱ ከደጅ ትቀራለች ይለን ነበር። እኔ ይህንን የሰማሁት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፤ በዓይኔ አላየሁትም። ግራና ደርሼ ለገበሬዎቹ ስነግር በትሕትና ሰሙኝ፤ ከዚያ አንዱ፣ ጅብ እንዳይመጣ ደጅህ ላይ ሥጋ ስቀል እንደማለት ነው አለ፤ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ።

ዘይነባ አልሳቀችም። ሰው ሲበተን ወደ ኋላ ቀርታ፣ ሣሩን ከብት ይበላዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይበላዋል፣ ወተትም ይጨምራል አልኳት። እንግዲያውስ ትሉ ባይቀርልኝ ላሜ ትጠግባለች አለች። እንዲህ ነበረች፤ አንድ ነገር ስትወስን ጎኑንም ታያለች። በልግ ዝናቡ ሲጥል ከመርሳ በታች ወንዝ ዳር ከበቀለበት ቁራጩን አስቆርጠን በአህያ አመጣን። በማሳዋ ዙሪያ፣ በአራቱም ጎን፣ ረድፍ ረድፍ አድርገን ተከልነው። የሣሩ ቅጠል ጠርዙ ይቆርጣል፤ ማታ ማታ እጄን ጨው በገባበት የሞቀ ውሃ ውስጥ ነክሬ እቀመጥ ነበር። ማሽላው ሲዘራ ሣሩ ጉልበት ደርሶ ነበር። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ሣሩ ከደረቴ በላይ ሆነ። በመንገድ የሚያልፉ ሴቶች ዘይነባ ለትል ድግስ ደገሰች እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም ትመልሳለች፤ ኑና ብሉ እናንተም ትላቸዋለች።

ክረምቱ መሃል ላይ ነገሩ ተበላሸ፤ ቢያንስ የተበላሸ መሰለ። ጋሽ መሐመድ ኑር ውሃ ሊመልሱ በማሳው ድንበር ሲያልፉ የሣሩን ቅጠል ገልብጠው አዩ። የእሳት ራት እንቁላል ሞልቶበታል። ሌላውንም ገለበጡ፤ እሱም ላይ አለ። በቀጥታ ሼህ ኡመር ጋ ሄዱ። በነጋታው ከዙሁር ሶላት በኋላ የቀበሌው ገበሬ በሙሉ ሾላው ሥር ተሰበሰበ፤ ሌባ የሚፈለግበት አውጫጭኝ ይመስላል። ጋሽ መሐመድ ኑር አልተቆጡም፤ ድምፃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ ትል ከሩቅ ይመጣብን ነበር፤ እሷ ግን ድንበሬ ላይ አምጥታ አራባችው፤ ዛሬ ነገ ሳይባል ይነቀል አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔ ተነሥቼ፣ እንቁላሉ ሣሩ ላይ መገኘቱ እኮ ማሽላውን ትታ እሱን መምረጧን ያሳያል አልኩ። ከኋላ አንዱ፣ ማሽላው ላይስ እንደሌለ በምን እናውቃለን አለ። ሐቅ ነው። የማሽላውንና የሣሩን ቅጠል በየማሳው እያገላበጡ ማነጻጸርም አይጨበጥም፤ እያንዳንዱ የፈለገውን ቅጠል እየያዘ ይመጣል።

ሼህ ኡመር የሁሉንም ሰሙ። ነጭ ጺማቸውን በእጃቸው ጨብጠው የሚያስቡ፣ ቃላቸው ጥቂት የሆነ ሰው ነበሩ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ይቺ የእሳት ራት ሁለቱን አንድ ላይ ብታገኛቸው የትኛውን ነው የምትመርጠው?»

«ሣሩን ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያውስ እሷኑ እንጠይቃታለና» አሉ።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ እሳቸው ግን አልቀለዱም። ዘይነባ አጎበሯን ከአልጋዋ ላይ አውርዳ አመጣች። በሼህ ኡመር ጊቢ አራት እንጨት ተክለን አጎበሩን ከላይ አለበስነው። አንድ የማሽላ ቡቃያና አንድ የሣር ችግኝ ከነአፈራቸው በሰፊ ጣሳ ተክለን፣ ቁመታቸውን አስተካክለን ጎን ለጎን አስገባን። ጋሽ መሐመድ ኑር ማሽላው ከማን ማሳ እንደሚነቀል ራሳቸው መረጡ፤ ከራሳቸው ማሳ ነቅለው ሰጡን። የእሳት ራቶቹን ያገኘናቸው ቀድሞ ከተዘራ የመስኖ በቆሎ ውስጥ ነው፤ አገዳውን ስንሰነጥቀው ትሉ ወደ እሳት ራትነት ሊለወጥ ቡናማ ሆኖ ተጠቅልሎ ይገኛል። እነዚያን በቅርጫት ከድነን ጥቂት ቀን አቆየናቸው፣ ክንፍ አወጡ። ፀሐይ ስትጠልቅ አጎበሩ ውስጥ ለቀቅናቸው፣ ጫፉን በድንጋይ ጫንነው፣ ሰውም ወደ መግሪብ ሶላቱ ሄደ።

ጠዋት ስመጣ ጊቢው ሞልቷል። ከሱብሂ ወዲህ የተኛ ሰው ያለ አይመስልም። ሴቶቹ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ሼህ ኡመር አጎበሩን እንዲያነሱ ጋሽ መሐመድ ኑርን ጋበዟቸው። እሳቸው ተንበረከኩና መጀመሪያ ማሽላውን አዩ፤ ቅጠል በቅጠል እየገለበጡ። አንድ ቦታ ላይ እንቁላል አገኙ፤ ትንሽ ነው፤ ለሁሉም አሳዩ። ቀጥለው የሣሩን ቅጠል ያዙ። ገና የመጀመሪያውን ሲገለብጡ አጠገባቸው የነበሩት «ያረቢ» አሉ። ከሥር እስከ ጫፍ ለጥፋበታለች። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲያው ነው። ቅጠሉ ላይ ቦታ ያለቀባት አንዷ ጣሳው ላይ ሳይቀር ወልዳለች። ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲቃጣቸው ሼህ ኡመር እጃቸውን አነሱ፤ ነገሩ አላለቀማ።

አላለቀም ነበር። ጋሽ መሐመድ ኑር ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሡና፣ እውነት ነው፣ ሣሩን መርጣለች፣ አየሁ አሉ። ከዚያ ቀጠሉ። ታዲያ ይህ ሁሉ ሲፈለፈል የት ነው የሚሄደው? ሣሩን ጨርሶ ወደ እኔ ማሳ አይደለም ወይ? ጥያቄው ትክክል ነበር፤ እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ያንኑ እጠይቅ ነበር። ትሎቹ ሣሩ ውስጥ ይሞታሉ አልኩ። አይተሻል ወይ አሉኝ። አስተማሪያችን ነግሮናል እንጂ አላየሁም አልኩ። ሼህ ኡመር ጥቂት አስበው፣ እስከሚቀጥለው ጁምዓ ሣሩ አይነካ፤ ከሶላት በኋላ ሰንጥቀን እናያለን፤ ትሉ በሕይወት ደልቦ ከተገኘ ይነቀላል አሉ።

ያቺን ሳምንት እንዴት እንዳለፍኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ዝናቡ አያባራም። ዘይነባ በየጠዋቱ ሣሩን ታያለች፤ እኔም ከኋላዋ። እንቁላሉ ተፈለፈለ፤ የሣሩ ቅጠል እንደ መስኮት መስኮት ተፋቀ፤ ቀጥሎ አገዳው ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ቀዳዳ ታየች። ዘይነባ ጣቷን ቀዳዳዋ ላይ አድርጋ፣ «ገብተዋል፣ በላዬ» አለችኝ። መግባታቸውን ነው የምንፈልገው አልኳት፤ ድምፄ ግን እኔን ራሴንም አላሳመነኝም። አንድ ቀን ሰንጥቀን እንየው ብዬ ቢላ አነሳሁ። ያዘችኝ። ሰው ሁሉ ባለበት ብቻ ይሁን፣ ቀድመው ነካክተውት ነው እንዳይሉን አለች። ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለች። ልጆቿ ማሽላው መሃል አረም እያወጡ ይሳሳቃሉ።

«ካልሆነም አልሆነ» አለች። «ግን በወሬ አይነቀልብኝ። ታይቶ ይሁን።»

ጁምዓ ዕለት ሰማዩ ጠራ። ወንዶቹ ነጭ በነጭ እንደለበሱ ከመስጊድ በቀጥታ ወደ ማሳው ወረዱ። የማሳው ድንበር ሰው በሰው ሆነ፤ ከመርሳ ለገበያ የመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ መጡ። ዘይነባ አዲስ ባይሆንም የታጠበ አረንጓዴ ሻሽ አስራ፣ ማጭዷን ይዛ ቆማለች። ሼህ ኡመር ቢስሚላህ በይ አሏት። ቀዳዳ ካለበት ሣር አንዱን ከሥሩ ቆረጠችው፤ ለሁለት ሰነጠቀችው። ቀዳዳዋ ጥቂት ገብታ ቆማለች። መጨረሻዋ ላይ የጠቆረ፣ የክር ጫፍ የሚያክል ነገር በደረቀ ሙጫ ተጠቅልሎ ተጣብቋል። ሞቷል። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁለተኛውን ሰነጠቀች፤ እንደዚያው። በሦስተኛው ውስጥ ግን አንድ በሕይወት ያለ ተገኘ፤ ቀጭን፣ የገረጣ፣ ሲነኩት ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ። ጋሽ መሐመድ ኑር ትሉን መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ሼህ ኡመር ዘረጉ፤ ይኸው ሕያው አሉ።

ያኔ ነው ዘይነባ የተናገረችው። ጮክ ብላ አይደለም። «ወንድም ጋሼ፣ አንቱ ከራስዎ ማሳ አንድ ማሽላ ቆርጠው ያምጡና ጎን ለጎን እንየው» አለች።

ሄዱ። ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቃቸው። ልቡ የደረቀ ማሽላ ቆርጠው መጥተው በገዛ ማጭዳቸው ሰነጠቁት። ከውስጡ ወፍራም፣ የደለቡ ትሎች ወደቁ፤ አንድ ሁለት አይደሉም። ቀዩ መንገዳቸው ከሥር እስከ ላይ ተስሏል። ለሼህ ኡመር የሰጡት የሣሩ ትል ከእነዚያ ጎን ሲቀመጥ የእንጀራ ልጅ ይመስላል። ጋሽ መሐመድ ኑር ተመልሰው ወደ ሣሩ ሄዱና ማንም ሳያዛቸው አራተኛ ቆረጡ፣ ሰነጠቁ፤ አምስተኛና ስድስተኛም ቆረጡ። የሞተ። የሞተ። ባዶ። እጃቸው በሙጫው ተጣብቆ ነበር፤ ጣቶቻቸውን እየከፈቱና እየዘጉ ሲያዩ ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሽንፈት አልነበረም። እንቅልፍ ያገኘ ሰው ይመስሉ ነበር። ለካ እሳቸውም ፈርተዋል፤ ለማሳቸው፣ ለወንድማቸው ልጆች፣ ለሁሉም።

«ዘይነባ» አሉ፣ «ከዚህ ሣር ቁራጩን መቼ ነው የምትሰጪኝ?»

ያን ጊዜ ሴቶቹን የሚያስቆም አልተገኘም። እልልታው ተራራውን ይዞ ወጣ። ሼህ ኡመር ዱዓ አደረጉ። እኔ ዓይኔን በናይለን ሻርፔ ስጠርግ ዘይነባ አፏን በሻሽዋ ጫፍ ሸፍና ትስቃለች። ለመጪው በልግ የፈለጉትን ያህል ይውሰዱ፣ ማሳዬን ግን እኔው አሳርሰዋለሁ አለቻቸው። ይሁን፣ ይሁን፣ አሉ።

ማሽላው ሲደርስ ያለውን ብናገር የተጋነነ ይመስላል። በአንዳንድ ጥግ የተሰበረ አገዳ ነበር፤ አልዋሽም። በጠቅላላው ግን ማሳው እንደ ቆመ ደረሰ፤ ራሱ ከብዶት ጎንበስ ያለ፣ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ የሚያዘነብል። በዙሪያው ያሉት ማሳዎች ወገባቸው ተቆርጦ ስለነበር የእሷ ከሩቅ ከመንገድ ይታያል። አጨዳው የደቦ ነበር፤ ከወዲያ ማዶ ሳይጠሩ የመጡ ብዙ ናቸው። አውድማው ላይ እህሉ ሲወቃ ወጣቶቹ ክብ ሠርተው እየወረዱ እየተነሡ ይዘፍናሉ። አንዱ እዚያው ያወጣውን ግጥም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦

ትል ወርዶ በሣሩ ሲቀር ተጣብቆ፣
የዘይነባ ማሽላ ታየ ከሩቅ ደምቆ።

የተቀሩት እየተቀበሉ ደጋገሙት። አባቴ ከወልድያ መጥቶ ነበር ያን ዕለት፤ ልጄ ምን እንደሠራች ልይ ብሎ ጋራዡን ዘግቶ። ከበሮ የለ፣ ክራር የለ፤ መሬቱን በእግር እየደቁ ነበር የሚዘፍኑት። አባቴ ናፍጣ የማይለቀው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲያይ ቆይቶ፣ ሳላስበው ክቡ ውስጥ ገብቶ ትከሻውን ነቀነቀ። እናቴ ይህንን ስነግራት አላመነችም። እኔ በሕይወቴ አባቴ ሲጨፍር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በመጪው ዓመት ቁራጩን የማይጠይቅ አልነበረም። ዘይነባ በአህያ እያስጫነች ከመርሳ በታች ድረስ ላከች። የሣሩ መሃል ረድፍ እየታጨደ ለከብት ስለሚሰጥ ወተቱ በዛ፤ ግራና ውስጥ እርጎ ለእንግዳ ያልቀረበበት ቤት ጠፋ። ከላይ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ የዚያን ጊዜ ሰዎች፣ ካኪ የሚለብሱት። መርሳ ላይ የገበሬ ስብሰባ ጠርተው ሴትዮዋ ትናገር አሉ። አዳራሹ ወንድ በወንድ ነው። ዘይነባ ተነሥታ፣ ሣሩ እንዴት እንደሚተከል፣ መቼ እንደሚታጨድ፣ የደረቀውን አገዳ በአጥር ላይ አቆይቶ ትሉን ለከርሞ ማሳደር እንደማይገባ በየተራ አስረዳች። አንዳንዱ የነገርኳት ነበር፤ አብዛኛውን ግን በሁለት ዓመት ራሷ ያየችው ነው። ሲጨበጨብላት ምን እንደሚደረግ ስላላወቀች አብራ አጨበጨበች።

እኔ ከዚያ ወዲያ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ። አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬ ሌላ ዓይነት ተምች መጥቷል፤ መድኃኒቱም ዓይነቱ በዝቷል፤ ወጣት ባለሙያዎቹ ማሳውን በስልክ ያነሱታል። ደግ ነው። ሣሩ ግን አልጠፋም። ባለፈው ታኅሣሥ በሚኒባስ ወደ ግራና ስወርድ በመስኮቱ ያየሁት ከመንገዱ እስከ ወንዙ በየድንበሩ የቆመ እሱን ነው። አጠገቤ የተቀመጠውን ተማሪ ይህን ሣር ማን እንደተከለው ብጠይቀው፣ እዚህ አገር ዱሮም ያለ ነው አለኝ። አላረምኩትም፤ ደስ አለኝ።

ጋሽ መሐመድ ኑር ካለፉ ቆይተዋል። ዘይነባ አለች። ዓይኗ ደክሟል፤ በከዘራ ነው የምትሄደው። የታላቋ ልጇ ልጆች ማሳውን የሚያጭዱበት ቀን ደርሶ ነበር። በድምፄ አወቀችኝ፤ አንገቴን አቅፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ማሳው ዳር ወሰደችኝ። አጫጆቹ፣ ትልልቅ ወንዶች፣ ማጭዳቸውን ይዘው በረድፍ ቆመዋል። ማንም አልጀመረም። ፀሐይ ወጥታ ሞቃ ሳለ ምን እየጠበቁ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ዘይነባ ወደ ማሽላው ጠጋ አለችና አንዱን ራስ በእጇ አጎንብሳ ፍሬውን በጣቷ ፈልቅቃ አፏ ውስጥ ጨመረች። አኘከችው። ሁሉም ያይዋታል።

«ደርሷል» አለች። «ቢስሚላህ በሉ፣ ግቡበት።»

ገቡበት።